«ከሀብቱ ሁሉ ጽሑፎቹን ያስበልጥ ነበር»፦ የፓስተን ጠበቆች ደብዳቤዎች እንዴት ተሰበሰቡ፣ እንዴትስ ጠፍተው ተገኙ

ኦክቶበር 29 ቀን 1466 በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በኖርፎክ አውራጃ የምትኖረው ማርጋሬት ፓስተን ባሏን ከቀበረች አምስት ወር ሆኗት ነበር። በዚያን ዕለት ለበኩር ልጇ ለሰር ጆን ባስጻፈችው ደብዳቤ አንድ ምክር ትሰጠዋለች፦ አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በመከራው ወራት ከሚንቀሳቀስ ሀብቱ ሁሉ ይልቅ ጽሑፎቹንና ማስረጃዎቹን ያስበልጥ ነበር፤ እነዚያ ከእጅህ ከወጡ እንደነርሱ ያለ ዳግመኛ አታገኝም ትለዋለች። ሟቹ ባሏ ጆን ፓስተን ጠበቃ ነበር፤ የእርሱም አባት ዊልያም ፓስተን ዳኛ ነበር። ደብዳቤው ዛሬም አለ፤ ከእርሱም ጋር በ1422 እና በ1509 መካከል የተጻፉ፣ ቁጥራቸው ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ የዚያው ቤተሰብ ደብዳቤዎችና ሰነዶች አሉ።

የቀድሞ እንግሊዛውያን የሕግ ሰዎችን የእጅ ጽሑፍ መሰብሰብ ለሚወድ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ጉዳይ አላውቅም። ደብዳቤዎቹ ለሙግት በሚያስፈልጉበት ዘመን ሁሉ በአንድ ቤተሰብ እጅ ተጠብቀው ኖረዋል። የተበተኑትና እውነተኛነታቸው ሳይቀር በጥርጣሬ ላይ የወደቀው እንደ ውድ ቅርስ መታየት ከጀመሩ በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከተለው ያንን ጉዞ ነው፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ አራሽ ነው። በ1419 የሞተው ክሌመንት ፓስተን፣ የቤተሰቡ ጠላቶች ለማዋረድ ብለው ባስጻፉት ሰነድ እንደተገለጸው፣ ራሱ እርፍ ጨብጦ የሚያርስ፣ እህሉን ከሥሩ አድርጎ ኮርቻ በሌለው ፈረስ ወደ ወፍጮ የሚወርድ፣ ልጁን ትምህርት ቤት ለማቆየት ገንዘብ የተበደረ ሰው ነበር። የሚስቱ ወንድም የሕግ ባለሙያ ስለነበር በወጪው አገዘው። ያ ልጅ፣ ዊልያም፣ ሕግ ተምሮ በ1429 የመሬትና የውል ክርክር በሚታይበት ኮመን ፕሊስ በተባለው የንጉሡ ችሎት ዳኛ ሆነ፤ በ1444 እስኪሞትም ድረስ መሬት ሲገዛ ኖረ። በአንድ ትውልድ ከእርሻ ወደ ችሎት የወጣ ሰው ደግሞ ጠላት አያጣም። ሚስቱ አግነስ በ1445 ለንደን ለሚማረው ልጇ ለኤድመንድ ስትጽፍ፣ አባቱ ሕግ ተማር ያለውን ምክር እንዲያስብ ታሳስበዋለች፤ ፓስተን በተባለው መንደራቸው የሚኖር ሰው ራሱን መከላከል ማወቅ ያስፈልገዋል እያለ ብዙ ጊዜ ይናገር ነበርና።

አግነስ የተናገረችው ነገር ብዙም ሳይቆይ ደረሰ። ዳኛው የገዛውን የግሬሻምን ርስት ሎርድ ሞሊንስ የተባለ ባላባት የእኔ ነው ብሎ በ1448 ያዘው። የዳኛው ልጅ ጆን በሕግ ተምሮ ኢነር ቴምፕል ከተባለው የለንደን የጠበቆች ማኅበር አባል ሆኖ ነበርና ለሙግቱ ወደ ለንደን ሲመላለስ፣ ቤቱን የምትጠብቀው ሚስቱ ማርጋሬት ነበረች። በዚያ ወቅት የላከችለት አንድ ደብዳቤ ከስብስቡ ሁሉ የታወቀው ነው። «እጅግ የተከበሩ ባለቤቴ ሆይ» ብላ ሰላምታዋን ካቀረበች በኋላ፣ መስቀለኛ ቀስቶች፣ ቀስቶቹ የሚወጠሩበት መዘውርና አጫጭር ፍላጻዎች እንዲገዛላት ትለምነዋለች፤ ምክንያቷንም ስትገልጽ፣ የቤቱ ጣሪያ ዝቅ ያለ ስለሆነ በረጅም ቀስት ወደ ውጭ መወርወር አይቻልም ትላለች። ጠላቶቻቸው በሩን የሚዘጉበትን መቀርቀሪያ፣ በግድግዳው ላይ የከፈቱትን የቀስት መወርወሪያ ቀዳዳ ትዘረዝርለታለች። ከዚያም በዚያው ወረቀት ላይ አንድ ፓውንድ አልመንድ፣ አንድ ፓውንድ ስኳርና ለልጆቹ ልብስ የሚሆን ጨርቅ እንዲገዛ ታዝዘዋለች። ሰብሳቢ ሁሉ ይህን ደብዳቤ የሚወደው ከስኳሩ የተነሣ ነው። እኔ ግን ደብዳቤው የተቀመጠው በስኳሩ ምክንያት አይደለም ብዬ አምናለሁ፤ የተቀመጠው ተከራካሪው ወገን በኃይል እንደተዘጋጀ በዓይን የታየ ምስክርነት ስለያዘ ነው። በጃንዋሪ 1450 የሎርዱ ሰዎች መጥተው ማርጋሬትን ከቤቱ አውጥተው ሲያባርሯት፣ ጆን ለንጉሡ ባቀረበው አቤቱታ አጥቂዎቹ አንድ ሺህ እንደነበሩ ገልጿል፤ የግንቡን መሠረት እንደቆፈሩ፣ ንብረቱንም እንደዘረፉ በዝርዝር ጽፏል። እንዲህ ያለውን ዝርዝር ለመጻፍ ከቤት የሚመጣ ደብዳቤ ያስፈልጋል።

ከዚያ የከፋው ሙግት የመጣው በ1459 ነው። በፈረንሳይ ጦርነት የከበረው ሰር ጆን ፋስቶልፍ ልጅ ሳይተካ ኖቬምበር 5 ቀን ሞተ፤ የሕግ አማካሪው የነበረው ጆን ፓስተንም፣ ሟቹ ከመሞቱ ከሁለት ቀን በፊት በቃል በተናዘዘልኝ መሠረት የካይስተር ግንብና በኖርፎክና በሰፎክ ያለው ርስት ሁሉ ለእኔ ይገባል አለ። በጽሑፍ ሳይሆን በቃል የተነገረ ኑዛዜ፣ የሚጠቅመውም ያንኑ ጉዳዩን የያዘውን ጠበቃ! ከኑዛዜው አስፈጻሚዎች አንዱ የነበረው ዳኛው ዊልያም የልቨርተን አልተቀበለውም፤ ምስክር በምስክር ላይ ተሰማ፤ ሙግቱ ጆን በሜይ 1466 ለንደን ውስጥ ሲሞትም አላለቀም። በመሐሉ ጆን ፍሊት በተባለው እስር ቤት ከአንድ ጊዜ በላይ ታስሯል። የካይስተርን ግንብ በ1469 የኖርፎክ መስፍን ከብቦ በጦር ያዘው፤ ቤተሰቡም መልሶ ያገኘው መስፍኑ በ1476 ሲሞት ነው። የኑዛዜው ረቂቆች በጆን በገዛ እጁ በመስመሮች መካከል እየተጨመረባቸው፣ እየተሰረዘባቸው እስከ ዛሬ አሉ። ጠበቃው በጽድቅ ይሁን በስስት እንደሠራ ለመመርመር የሚፈልግ ሰው፣ የተሰረዘውን ቃል ከተጨመረው ቃል ጋር ማስተያየት የሚችለው ከእነዚህ ወረቀቶች ላይ ብቻ ነው። የታተመ መጽሐፍ የመጨረሻውን ቃል ያሳያል፤ የእጅ ጽሑፍ ግን ሰውየው ቃሉን ከመምረጡ በፊት ያመነታበትን ጭምር ያሳያል። ለሕግ ሰዎች የእጅ ጽሑፍ ዋጋ የምሰጠው ከሁሉ በላይ በዚህ ምክንያት ነው።

ወረቀት ማስቀመጥ ምን ያህል እንደጠቀማቸው በ1466 ታየ። ጠላቶቻቸው ፓስተኖች በትውልዳቸው ገባር ናቸው፤ ገባር ደግሞ ርስት ሊይዝ አይችልም ብለው ከስሰው ነበር። ቤተሰቡ የቆዩ ሰነዶችንና የአካባቢ ችሎት መዝገቦችን አውጥቶ በንጉሥ ኤድዋርድ አራተኛና በአማካሪዎቹ ፊት አቀረበ፤ በዚያው ዓመት በጁላይም ንጉሡ ከጨዋ ዘር የተወለዱ ናቸው ብሎ አጸናላቸው። ማርጋሬት ለልጇ ያንን ምክር ያስጻፈችው ይህ ከሆነ ከሦስት ወር በኋላ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሴትየዋ ያወራችው ስለ መታሰቢያ አልነበረም፤ ትናንት በዓይኗ ስላየችው ነገር ነው።

እዚህ ላይ ሰብሳቢን የሚያሳስብ አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የማን እጅ ነው የሚለው ጥያቄ ነው። የማርጋሬት ስም ያለባቸው ከመቶ የሚበልጡ ደብዳቤዎች በብዙ የተለያዩ ሰዎች እጅ የተጻፉ ናቸው። ጉዳዩን በጥልቅ የመረመረው የኦክስፎርዱ ሊቅ ኖርማን ዴቪስ ራሷ መጻፍ አትችልም ነበር ወደሚለው አሳብ ያዘነበለው በዚህ ምክንያት ነው። ቃሉ የእርሷ ነው፤ ብዕሩ ግን የቤቱ ጸሐፊ፣ የቄሱ፣ አንዳንዴም የልጇ ነው። በፌብሩዋሪ 1477 ማርጀሪ ብሩስ የምትባል ወጣት ለእጮኛዋ ለታናሹ ጆን ፓስተን የላከችውና በእንግሊዝኛ ከተጻፉት የቫለንታይን ደብዳቤዎች ሁሉ ቀዳሚ ተብሎ የሚጠራው ወረቀት እንኳ በአባቷ ጸሐፊ በቶማስ ኬላ እጅ የተጻፈ ነው። ከእርሱ በቀር በምድር ያለ ፍጡር እንዳያየው የለመነችበት ደብዳቤ በመጀመሪያ ያለፈው በጸሐፊው ዓይን ሥር ነበር። የወንዶቹ ነገር የተለየ ነው፤ ሕግ የተማሩት ፓስተኖች በገዛ እጃቸው ይጽፉ ነበር፤ ቸኩለው ሲጽፉ ፊደላቸው ይዋከባል፣ ለትልቅ ሰው ሲጽፉ ደግሞ ጸሐፊ ያስቀምጣሉ። ስለዚህ «የእጅ ጽሑፍ» የሚለውን ቃል የሚያከብር ሰብሳቢ፣ ከስሙ በፊት እጁን መለየት ይኖርበታል።

ወረቀቱ ራሱ የሚናገረው አለ። በእንግሊዝ ምድር ወረቀት መሠራት የጀመረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ስለሆነ፣ ፓስተኖች የጻፉበት ወረቀት ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ወደ ብርሃን ሲይዙት የአምራቹ ምልክት ይታያል። ደብዳቤው እየታጠፈ ትንሽ ጥቅል ይሆናል፤ በክር ወይም በቀጭን የወረቀት ቅዳጅ ይታሰራል፤ በሰም ይታተማል፤ በውጩም የተቀባዩ ስም ይጻፋል። ቀኑ ብዙ ጊዜ በበዓል ስም ነው፦ ከቅዱስ እገሌ ቀጥሎ ባለው ረቡዕ፣ እየተባለ። የእኛ አንባቢ «በሚካኤል ማግሥት» የሚለውን አነጋገር ስለሚያውቅ ይህ አይከብደውም፤ ችግሩ ብዙዎቹ ዓመቱን አለመጥቀሳቸው ነው። ጸሐፊውና ተቀባዩ የትኛው ዓመት እንደሆነ ያውቁ ነበርና አላስፈለጋቸውም። በዚያ ላይ የጆን ፓስተን ሁለቱ ታላላቅ ልጆች ሁለቱም ጆን ይባሉ ነበር። ስለዚህ አንዱ ደብዳቤ ዓመቱንና ባለቤቱን የሚያገኘው ከጎረቤቱ ደብዳቤ ነው፤ ከጎረቤቱ የተለየ ደብዳቤ ግማሹን ትርጉሙን ያጣል።

እንዲጠፋ ተፈልጎ የተረፈም አለ። የቤተሰቡ ርስት አስተዳዳሪ ሪቻርድ ካል ከጌቶቹ ልጅ ከማርጀሪ ፓስተን ጋር በስውር ቃል ኪዳን ገብቶ ነበር። በ1469 በጽሑፍ አነጋገራት፤ ይህንን ደብዳቤ ማንም ፍጡር እንዳያየው፣ እንዳነበብሽውም ይቃጠል ብሎ ለመናት። ቤተሰቡ ጋብቻውን ለማፍረስ ቢጥርም የኖርዊች ጳጳስ ልጅቷን መርምሮ ቃሏ የጸና ሆኖ አገኘው፤ እናቷም ከቤቷ አገደቻት። ደብዳቤው ግን አልተቃጠለም፤ ከርስት ሰነዶቹ ጋር ተቀመጠ። የጠበቃ ቤት የገባን ወረቀት በቀላሉ አይጥልም።

ወረቀት የሚከተለው መሬትን መሆኑ ከፋስቶልፍ ሰነዶች ይታያል። ሟቹ በካይስተር የጸሎት ማኅበር እንዲቋቋም ፈልጎ ነበር፤ ከረጅሙ ሙግት በኋላ ግን የዊንቸስተሩ ጳጳስ ዊልያም ዌይንፍሊት ሀብቱን በኦክስፎርድ ላቋቋመው ለማግደለን ኮሌጅ አዋለው። ርስቱ ወደ ኮሌጁ ሲተላለፍ የርስቱ ወረቀቶችም አብረው ሄዱ፤ ዛሬም እዚያው ናቸው።

የቀሩት በቤተሰቡ እጅ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ኖሩ። ቤተሰቡ እየከበረ ሄዶ የያርመዝ ኧርልነት ማዕረግ አገኘ፤ ሁለተኛውና የመጨረሻው ኧርል ዊልያም ፓስተን የንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛን ከጋብቻ ውጭ የተወለደች ልጅ አግብቶ ነበር፤ ሆኖም በ1732 በዕዳ ተውጦ፣ ወንድ ወራሽ ሳይተው ሞተ። ከወረቀቶቹ ከፊሉን ገና በሕይወት ሳለ የመኳንንት አርማና የዘር ሐረግ መዝጋቢ ለሆነው ለፒተር ሌ ኔቭ ሸጦለት ነበር። የቀረው ኦክስኔድ በተባለው መኖሪያ ቤታቸው የሰነድ ክፍል ውስጥ ነበር፤ በ1735ም የኖርፎክን ታሪክ የሚጽፈው ቄስ ፍራንሲስ ብሎምፊልድ ገብቶ እንዲመረምር ተፈቀደለት።

ብሎምፊልድ ሜይ 13 ቀን 1735 ለቤቱ ጉዳይ ኃላፊ የጻፈው ሪፖርት ሰብሳቢ ሁሉ ሊያነበው የሚገባ ነው። ሣጥኖቹን እየከፈተ ጠቃሚ የመሰለውን ለየ። ከዚያም ለታሪክ የሚረቡ ቁጥር የሌላቸው ደብዳቤዎች ከተበተነው ወረቀት መሐል እንዳሉ፣ ሁሉንም በክፍሉ ማዕዘን እንደከመራቸው፣ ክምሩም ብዙ ጆንያ እንደሚሞላ ገለጸ። የቤተሰብ ጉዳይ የተቀላቀለባቸው ስለሆነ እንዳልነካቸው ተናግሮ፣ ለይቶ እንዲያስቀምጣቸው ወይስ እንዲቃጠሉ ይፈለግ እንደሆነ ጠየቀ፤ ቢቃጠሉ ግን ያሳዝናል አለ። ቀጥሎም አንድ ነገር ጨመረ፦ ስለ ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ የሚያወሩት፣ እነርሱም እጅግ ብዙ ናቸው፣ ቢቃጠሉ ግድ የለም።

ይህንን ባነበብሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። ብሎምፊልድ ክፉ ሰው አልነበረም፤ በዘመኑ ካሉት ሁሉ ለአሮጌ ወረቀት የሚቆረቆር ሰው ነበር። ነገር ግን የስኳሩና የአልመንዱ ደብዳቤ፣ የማርጀሪ የፍቅር ቃል፣ የካል ልመና፣ ሁሉም በእርሱ ሚዛን «ስለ ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ» ከሚባለው ወገን ሊመደቡ ይችሉ ነበር። ሰብሳቢ ዛሬ ዋጋ የሚሰጠውን ብቻ ሲመርጥ፣ ነገ የሚፈለገውን እሳት ውስጥ ሊጨምር ይችላል።

ከዚህ በኋላ ወረቀቶቹ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። ሌ ኔቭ በ1729 ሞቶ ነበር፤ የፓልግሬቩ ቶማስ ማርቲን፣ በሙያው ጠበቃ፣ በፍላጎቱ የጥንት ነገር አፍቃሪ፣ የሌ ኔቭን መበለት አግብቶ ስብስቡን የራሱ አደረገ። ብሎምፊልድ በ1752 በፈንጣጣ ሲሞት ከእርሱ ዘንድ የነበረውም በማርቲን እጅ ገባ። ማርቲን ዕዳ ስለበዛበት ገና በሕይወቱ መሸጥ ጀምሮ ነበር፤ በ1771 ሲሞት የቀረውን ዲስ በተባለች ከተማ የሚኖር ጆን ዎርዝ የሚባል መድኃኒት ቀማሚ አትርፎ ለመሸጥ ገዛው። ዎርዝም በ1774 ድንገት ሞተና የፓስተን ደብዳቤዎች ወደ ጆን ፌን ደረሱ። በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ መዝጋቢ፣ ቄስ፣ ጠበቃና መድኃኒት ቀማሚ ተፈራርቀውባቸዋል፤ በእያንዳንዱ ሞትና ሽያጭ የተቆራረሰ አለ።

ፌን በ1739 በኖርዊች ተወልዶ በኢስት ዲረም የሚኖር፣ የታላላቅ ሰዎችን የእጅ ፊርማ የሚሰበስብ ሰው ነበር። ይህ ልማዱ ለኋላው ዘመን እጅግ ጠቀመ። በ1787 መጀመሪያ ሁለት ጥራዝ ሲያሳትም፣ በግራ ገጽ ላይ የቀድሞውን አጻጻፍ እንዳለ፣ በቀኝ ገጽ ላይ በዘመኑ አጻጻፍ አስተካክሎ አቀረበ፤ የፊርማዎችን፣ የማኅተሞችንና የወረቀት ምልክቶችን ሥዕልም አስቀርጾ ጨመረ። መጽሐፉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተሸጦ አለቀ። ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ዋናዎቹን ለማየት ስለወደደ፣ ፌን በሦስት ጥራዝ አስጠርዞ ሜይ 23 ቀን 1787 አበረከተለት፤ የሰርነትም ማዕረግ ተቀበለ። ሦስተኛውና አራተኛው ጥራዝ በ1789 ወጣ። ፌን በ1794 ሲሞት አምስተኛውን አዘጋጅቶ ነበር፤ በ1823 ያሳተመው የሚስቱ የወንድም ልጅ፣ ሰርጀንት የሚባለው ከፍተኛ የጠበቃ ማዕረግ የነበረው ዊልያም ፍሪር ነው።

ከዚያ በኋላ ዋናዎቹን የሚያሳይ ሰው ጠፋ። ጆርጅ አራተኛ የአባቱን ቤተ መጻሕፍት በ1823 ለብሪቲሽ ሙዚየም ሲሰጥ፣ ፌን ያበረከታቸው ሦስት ጥራዞች አልተገኙም። የሦስተኛው፣ የአራተኛውና የአምስተኛው ጥራዝ ዋና ደብዳቤዎችም የት እንዳሉ አይታወቅም ነበር። የቀረው ኅትመቱ ብቻ ሆነ።

በእንግሊዝ አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ፌን በሞተበት ዓመት ነበር በለንደን የርስት ዝውውር ውል በሚያዘጋጅ ጠበቃ ቢሮ የሚሠራ ዊልያም ሄንሪ አየርላንድ የተባለ ወጣት በሼክስፒር ስም ሰነድ መፍጠር የጀመረው፤ ከአሮጌ ሰነድና መጽሐፍ ባዶ ቦታ እየቆረጠ፣ ቀለም እያጠቆረ፣ የቆየ ማኅተም እየለጠፈ ውልም ደብዳቤም ጻፈ። ብዙ ሊቃውንት አመኑት። በ1796 ያጋለጠው በሕግ ትምህርት የሠለጠነው ኤድመንድ ማሎን የአጻጻፉን፣ የቃሉንና የቀኑን ስሕተት እያነጻጸረ ነው። የጠበቃ ቢሮ አሮጌ ወረቀት የሐሰት ሰነድ ጥሬ ዕቃ ሊሆን እንደሚችል አገሩ ተምሮ ነበር።

ስለዚህ በሴፕቴምበር 1865 ሄርማን ሜሪቬል፣ እርሱም በሙያው ጠበቃ፣ የፓስተን ደብዳቤዎች እውነተኛ ናቸው ወይ ብሎ በመጽሔት ሲጠይቅ፣ ጥያቄው ድፍረት አልነበረም። ዋና ሰነድ ያልቀረበበትን ግልባጭ ችሎት እንደማይቀበል ሁሉ እርሱም አልተቀበለም። አንዳንዶች በቁጣ መለሱለት፤ እኔ ግን ለስብስቡ ከሁሉ የበለጠ ውለታ የዋለው ይህ ተጠራጣሪ ይመስለኛል። ሰዎች ሣጥናቸውን እንዲከፍቱ ያደረገው የእርሱ ጥያቄ ነው።

ጊዜ ሳይወስድ የሰርጀንት ፍሪር ልጅ ፊሊፕ ፍሪር በካምብሪጅ አውራጃ ባለው ቤቱ የአምስተኛውን ጥራዝ ዋናዎች አገኘ። የጥንታዊ ቅርስ አጥኚዎች ማኅበር የሰየመው ኮሚቴ ወረቀቱን፣ ቀለሙን፣ እጁንና ማኅተሙን ከኅትመቱ ጋር አስተያይቶ እውነተኛ መሆናቸውን መሰከረ፤ ብሪቲሽ ሙዚየምም በ1866 ገዛቸው። የታሪክ ሊቁ ጄምስ ጌርድነር አዲሱን እትም ከ1872 ጀምሮ ሲያወጣ፣ የሦስተኛውና የአራተኛው ጥራዝ ዋናዎች ገና አልተገኙም ነበር። ሥራው ሊያልቅ ሲል፣ በ1875፣ ከሌላው የፍሪር ዘመድ ቤት፣ ከዲስ አጠገብ ካለው ሮይደን ሆል ተገኙ። ጌርድነር ሲያነጻጽር ፌን በጥቅሉ ታማኝ እንደነበር፣ ነገር ግን ብዙውን እንዳሳጠረ፣ የቤተሰብና የንግድ ጉዳይ የመሰለውንም እንዳስቀረ አየ። የብሎምፊልድ ዝንባሌ በፌንም ላይ ነበረ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ፌን ያላሳተመውን አላቃጠለም።

ለንጉሡ የተበረከቱት በ1889 በሰፎክ በኦርዌል ፓርክ ተገኙ። የቤቱ ቅድመ አያት ጳጳስ ጆርጅ ፕሪቲማን ቶምላይን የጠቅላይ ሚኒስትሩ የዊልያም ፒት አስተማሪና የቅርብ ሰው የነበረ ነው፤ ጥራዞቹም በእርሱ በኩል ከቤተ መንግሥት እንደወጡ ይገመታል። ስጦታ እንኳ፣ ለዘውድ የተሰጠ ስጦታ እንኳ፣ የርክክብ ወረቀት ከሌለው ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሊጠፋ ይችላል። የሮይደን ሆሎቹን ሙዚየሙ በ1896፣ የኦርዌል ፓርኮቹን በ1933 ገዛ።

ዛሬ የሕግ ሰዎችን ደብዳቤ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት አንድ ነጠላ ወረቀት ነው፤ ፊርማው የታወቀ ዳኛ ስም፣ ዋጋውም በፊርማው ልክ። ከፓስተኖች ጉዳይ የተማርሁት፣ ከፊርማው በፊት ሌሎች ነገሮችን መጠየቅን ነው። ጀርባው ላይ ተቀባዩ ወይም ጸሐፊው ስለምን ጉዳይ እንደሆነ የጻፈው ማስታወሻ አለ ወይ? የማጠፊያው መስመርና የማኅተሙ ምልክት ይስማማሉ ወይ? ከየትኛው ሣጥን፣ ከነማን ጋር ነበር? ከማን ወደ ማን ተላለፈ፣ በየትኛውስ ዓመት? ሻጩ ይህን ካልመለሰ ወረቀቱ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ሜሪቬል በጠየቀ ጊዜ የፓስተን ደብዳቤዎችም እውነተኛ ሆነው መልስ አልነበራቸውም። ነገር ግን መልሱ እስኪገኝ ሃያ አራት ዓመት ፈጀ፤ የተገኘውም ወረቀቶቹ በየጥራዛቸው ተሰባስበው በመቆየታቸው ነው። በነጠላ ተሸጠው ቢሆን ኖሮ ማንም አንድ ላይ ሊያነጻጽራቸው አይችልም ነበር።

ብሪቲሽ ሙዚየም፣ ኋላም ከእርሱ የወጣው ብሪቲሽ ላይብረሪ፣ የሚገዛቸውን የእጅ ጽሑፎች በገቡበት ቅደም ተከተል ቁጥር ይሰጣቸዋል። ስለዚህ ከፊሊፕ ፍሪር ቤት የመጡት ከ27443 ጀምሮ፣ ከሮይደን ሆል የመጡት 34888 እና 34889፣ ከኦርዌል ፓርክ የመጡት ከ43488 ጀምሮ ባሉት ቁጥሮች ይገኛሉ። ማርጋሬት በአንድ ክረምት ለባሏ ያስጻፈቻቸው ደብዳቤዎች አንደኛው በአንዱ፣ ሁለተኛው በሌላው ቁጥር ሥር ተቀምጠዋል፤ ሙግቱን በተከታታይ ማንበብ የሚፈልግ አንባቢም ሦስቱንም አስወጥቶ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን መዘርጋት አለበት።